ውጥረቱ ከታክሲ ሰልፍ ይጀምራል

ጊዜው የሰኔ ወር መጨረሻ ነበር፡፡ የበጀት ዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት፣ የሒሳብ ሠራተኛ ቤተሰቡን የሚረሳበት ሰሞን፡፡ ቤቴ ቡራዩ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሰበታ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሲሆን የፋይናንስ ክፍሉን እመራለሁ፡፡ ከቀትር በኋላ የቀረበልኝን የክፍያ ማዘዣ አየሁና ፈረምኩ፡፡ ጥቂት ቆይቶ በክፍላችን ካሉት የሒሳብ ሠራተኞች በዕድሜ ትንሿ ወደ ቢሮዬ ገባች፡፡ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠች፡፡ «ጋሼ፣ ይቺን ዜሮ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ በቀስታ፡፡ 180 ሺህ ብር መሆን የነበረበት ክፍያ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ሆኖ በእኔ ፊርማ ጸድቋል፡፡

ወረቀቱ ባንክ ሳይደርስ ተመለሰ፡፡ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ዜሮዋ ብቻ አልነበረችም፡፡ ይህችኑ ልጅ ከአንድ ቀን በፊት «ሪፖርቱን ግማሽ ሰዓት አዘገየሽ» ብዬ በሰው ፊት ጮኼባት ነበር፡፡ እርሷ ግን የእኔን ስሕተት የነገረችኝ በሩን ዘግታ ነው፡፡

በሳምንቱ ቡራዩ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፡፡ የደም ግፊቴ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ፡፡ ሐኪሙ በአንድ ልኬት ብቻ እንደማይወሰን ነግሮኝ ለሌላ ቀን ቀጠረኝ፡፡ ከመውጣቴ በፊት ግን «በሌሊት ስንት ሰዓት ያህል ይተኛሉ?» ሲል ጠየቀኝ፡፡ «አምስት ሰዓት ካገኘሁ ጥሩ ነው» አልኩት፡፡ «ሌላውን ጊዜ ምን ይበላብዎታል?» አለኝ፡፡ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፡፡ ከዚያ ወዲህ በማንበብም፣ በራሴ ላይ በመሞከርም ያገኘሁትን መልስ ነው ዛሬ ለአንባቢያን የማካፍለው፡፡

ለመሆኑ ውጥረት ምንድን ነው?

ስለ ውጥረት የሚነገረው ሳይንሳዊ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሃንስ ሴሊዬ ነው፡፡ በካናዳ ይሠራ የነበረው ይህ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ ሰውነት ለተለያዩ ጉዳቶች የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ መሆኑን ገለጸ፡፡ ምላሹም ሦስት ደረጃዎች አሉት፡፡ በመጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፡፡ ቀጥሎ ይቋቋማል፡፡ ችግሩ ካልተወገደ ግን በመጨረሻ ይዝላል፡፡

ስለዚህ ውጥረት በራሱ በሽታ አይደለም፡፡ ፈተና ያለበት ተማሪ ወይም ጨረታ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ጥቂት ቢወጠር ሥራውን በንቃት ይሠራል፡፡ አደጋው ያለው ውጥረቱ ሳይረግብ ወራት ሲያስቆጥር ነው፡፡ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣን መዛል በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ፣ እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ክስተት አድርጎ ገልጾታል፡፡ ሦስት መገለጫዎችንም አስቀምጧል፡፡ እነዚህም አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የውጤታማነት መቀነስ ናቸው፡፡ ይህን ሳነብ ያቺ ዜሮና ያ ጩኸት ትዝ አሉኝ፡፡

የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም

ብዙዎቻችን ውጥረት የሚመጣው ከሥራ ብዛት ይመስለናል፡፡ በእርግጥ የሰዓቱ ብዛት ቀላል ነገር አይደለም፡፡ የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመጠቃት ዕድላቸው በ35 በመቶ ይጨምራል፡፡ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ይላል፡፡

ነገር ግን ሌላም ነገር አለ፡፡ ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሐሳብ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ከፍተኛ የሥራ ጫናና አነስተኛ የመወሰን ሥልጣን አንድ ላይ ሲገናኙ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተካሄደው «ዋይትሆል» በመባል የሚታወቀው ጥናትም ብዙዎችን አስገርሟል፡፡ በልብ በሽታ ይበልጥ የሚሞቱት ኃላፊነት የተሸከሙት አለቆች ሳይሆኑ በዝቅተኛው እርከን ያሉት ሠራተኞች ሆነው ተገኙ፡፡ ልዩነቱም ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር፡፡ በማይክል ማርሞት የተመራው ተከታዩ ጥናት እንዳመለከተው ለልዩነቱ ትልቅ ድርሻ ካላቸው ምክንያቶች አንዱ ሠራተኛው በራሱ ሥራ ላይ ያለው የመወሰን አቅም ማነስ ነው፡፡

በአጭሩ፣ ሰውን የሚያደክመው የሚሸከመው ሸክም ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚያወርደው አለማወቁ ነው፡፡ ይህ ነገር ደግሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ገና ቢሮ ሳንገባ ይጀምራል፡፡

ሦስቱ ከተሞችና መንገዱ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ፡፡ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል፡፡ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረረው ባለሙያ እነዚህ ከተሞች ውስጥ ቤት ሠርቷል ወይም ተከራይቷል፡፡ ፋብሪካዎቹም ወደዚያው ስለሄዱ ጠዋት ጠዋት አንዱ ከሰበታ ወደ ቦሌ ሲጓዝ ሌላው ከመገናኛ ወደ ሰበታ ይጓዛል፡፡

የእኔ መንገድ ከቡራዩ ተነስቶ በአስኮ፣ በ18 ማዞሪያ፣ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና አድርጎ፣ ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ይደርሳል፡፡ የሐኪሙን ጥያቄ ለመመለስ ስል አንድ ደብተር ገዛሁና ለሁለት ሳምንት፣ ማለትም ለ12 የሥራ ቀናት፣ ከቤት የወጣሁበትንና የገባሁበትን ሰዓት መዘገብኩ፡፡ ድምሩ መንገድ ላይ ብቻ 55 ሰዓት ሆነ፡፡ በቀን በአማካይ 4 ሰዓት ተኩል ያህል ማለት ነው፡፡

ይሁን እንጂ ከድምሩ ይበልጥ ያስገረመኝ በቀናቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፡፡ ቀና በሆነ ቀን ደርሶ መልሱ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፡፡ ዝናብ በጣለ ወይም ታክሲ በጠፋ ቀን 6 ሰዓት ይደርሳል፡፡ የትኛው ቀን የትኛው እንደሚሆን ሰልፉ ውስጥ ቆሜ እንኳ አላውቅም፡፡ ቢሮ የምደርሰው ከሰልፉ፣ ከረዳቱና ከሰዓቴ ጋር ስሟገት ቆይቼ ነው፡፡ የመጀመሪያው ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ እኔ አንድ የሥራ ፈረቃ የጨረስኩ ያህል ደክሜያለሁ፡፡

ታናሽ እህቴ ደግሞ አዲሱ ገበያ እየኖረች ሱሉልታ በሚገኝ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፡፡ በክረምት እንጦጦን ተሻግሮ የሚወርደው መንገድ በጭጋግ ሲሸፈን ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል፡፡ እርሷን ግን የሚያስጨንቃት መንገዱ አልነበረም፡፡ የሰኞ ፈረቃዋ የሚነገራት ቅዳሜ ማታ ነበር፡፡ ልጇን ማን እንደሚያውል ለመወሰን አንድ ቀን ብቻ ይቀራታል፡፡ የሠራተኛ ማኅበሩ ጠይቆ የፈረቃ ሰሌዳው የወሩ መጀመሪያ ላይ መለጠፍ ሲጀምር የፈረቃዋ ብዛት አልቀነሰም፤ ደመወዟም አልጨመረም፡፡ ነገር ግን «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አለችኝ፡፡ ለድርጅቱ ያስወጣው ወጪ የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው፡፡

ምልክቶቹ

ውጥረት በአንድ ቀን አይታወቅም፡፡ ቀስ እያለ ስለሚገባ ባለቤቱ ጠባዩ የተለወጠ እንጂ ጤናው የተነካ አይመስለውም፡፡ የሚከተሉት ለሳምንታት ሲደጋገሙ ልብ ማለት ያስፈልጋል፡-

- በሰውነት ላይ፡- ራስ ምታት፣ የአንገትና የትከሻ ሕመም፣ የጨጓራ መቃጠል፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ደክሞ ሳለ እንቅልፍ ማጣት፡፡
- በአእምሮ ላይ፡- መርሳት፣ አንድን መስመር ደጋግሞ ማንበብ፣ ቀላል ውሳኔን ማሳደር፣ ከዚህ በፊት ያልተለመደ ስሕተት መሥራት፡፡
- በጠባይ ላይ፡- በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ፣ ሲጋራ ወይም ጫት ማብዛት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ሰኞን አስቦ መከፋት፡፡

ምን ይደረግ?

መንገዱን ማሳጠር አልቻልኩም፡፡ የሰኔን ሒሳብም ወደ መስከረም ማስተላለፍ አይቻልም፡፡ የቻልኩት በእጄ ያሉትን ጥቂት ነገሮች ለይቶ መያዝ ነው፡፡

1. መመዝገብ፡፡ ለሁለት ሳምንት ሰዓትዎን ይመዝግቡ፡፡ መቼ ተነሱ? መቼ ደረሱ? ምን ሥራ ላይ ዋሉ? መቼ ተቆጡ? መቼ ተኙ? «ደክሞኛል» የሚለው ቃል ለአለቃ ምንም አይነግረውም፡፡ «በ12 ቀን 55 ሰዓት መንገድ ላይ ነበርኩ» የሚለው ግን ይነግረዋል፡፡

2. አንድ ነገር መጠየቅ፡፡ ደብተሩን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገብቼ 10 ሰዓት እንድወጣ፣ ለአንድ ወር ብቻ በሙከራ እንዲፈቀድልኝ ጠየቅኩ፡፡ «ለሙከራ» መባሉ ረድቶኛል፤ ውሳኔው ለእርሱም ቀለለው፡፡ ከቤት የምወጣው 11 ሰዓት ሆነ፡፡ ሰልፉ ሳይረዝም ስለምሳፈር ደርሶ መልሱ ወደ 3 ሰዓት ከሩብ ወረደ፡፡ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀኑ ከቀን አይለያይም፡፡ ሙከራው ሳይሻር ቀጥሏል፡፡

3. ሥልጣን ማካፈል፡፡ በሁሉም ወረቀት ላይ የመጨረሻው ዓይን እኔ መሆኔን እንደ ትጋት እቆጥረው ነበር፡፡ አሁን ማንኛውም ክፍያ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያቺ ልጅ ታየዋለች፤ ካላመነችበት የመመለስ ሥልጣን አላት፡፡ በሰው ፊት ለጮህኩት ደግሞ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት፡፡ ይህን ያደረግኩት ለጨዋነት ብቻ አይደለም፡፡ አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ ዜሮ ቢያይም ዝም ይላል፡፡

4. ለስልክ ሰዓት መወሰን፡፡ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ አልከፍትም፡፡ የሚያጣድፍ ጉዳይ ያለው ይደውልልኝ ብያለሁ፡፡ በወር ውስጥ የተደወለልኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፡፡

5. እንቅልፍን ማስቀደም፡፡ ለአብዛኛው አዋቂ ሰው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ይመከራል፡፡ እኔ አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እተኛለሁ፡፡ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ከቀትር በኋላ ከ8 ሰዓት ወዲህ ባይጠጣ ይመረጣል፡፡ የቡናው ጨዋታ ግን አይቅር፤ ጨዋታው ራሱ መድኃኒት ነው፡፡ ማታ የሚጠጣ ቢራ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን እንቅልፉን እኩለ ሌሊት ላይ ይቆራርጠዋል፡፡ ጫት ደግሞ ጭራሹን ያባርረዋል፡፡

6. መንቀሳቀስ፡፡ ሱሉልታ ታላላቅ አትሌቶቻችን ንጋት ላይ የሚሮጡባት ከተማ ናት፡፡ ከእኛ የሚጠበቀው ግን ያን ያህል አይደለም፡፡ የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፡፡ እኔ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እየወረድኩ በእግሬ እሄዳለሁ፡፡

7. መተንፈስ፡፡ ታክሲው ቆሞ ሲቀር መሪው በእኛ እጅ አይደለም፤ ትንፋሻችን ግን አለ፡፡ አራት እስኪቆጠር በአፍንጫ ማስገባት፣ ስድስት እስኪቆጠር ቀስ አድርጎ ማስወጣት፣ ይህንንም አምስት ደቂቃ ያህል መደጋገም የልብ ምትን ያረጋጋል፡፡

8. ሰው ማግኘት፡፡ በነዚህ ከተሞች ብዙዎቻችን አዲስ ገቢዎች ነን፡፡ በጨለማ ወጥተን በጨለማ ስለምንገባ ጎረቤታችንን አናውቅም፡፡ ዕድር መግባት፣ እሑድን ከዘመድ ጋር ማሳለፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፡፡ ነገር ግን ውጥረት እጅግ የሚከፋው የሚያዋዩት ሰው ሲጠፋ ነው፡፡

ሕጉስ ምን ይላል?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከግለሰቡ የሚጠበቅ ነው፡፡ ይሁንና የሥራ ቦታ ውጥረትን ሁሉ በሠራተኛው ትከሻ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፡፡ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም፤ የሚታዘዘውም አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፡፡ ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ አንድ እጥፍ ከሦስት አራተኛ ነው፡፡

ሠራተኛው በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል፡፡ የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፡፡ ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ አዋጁ አሠሪውን የሥራው ሒደት ለአካላዊና ለኬሚካላዊ አደጋ ብቻ ሳይሆን ለሥነ ልቦናዊ ጉዳትም መንስኤ እንዳይሆን የማድረግ ግዴታ የጣለበት መሆኑን ነው፡፡

አንድ ማስታወሻ፡- ይህ አዋጅ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፡፡ እንደ እኔ ክፍል የሚመራ ሰው «ትርፍ ሰዓት» የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል፡፡ ስለዚህ የሥራ ሰዓቱን ጉዳይ ውል ሲፈርም አስቀድሞ መነጋገር ይኖርበታል፡፡

ሐኪም ዘንድ የሚኬደው መቼ ነው?

እንቅልፍ ማጣቱ፣ መከፋቱ ወይም ፍርሃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቀጠለ፣ ሥራና ቤተሰብን ማወክ ከጀመረ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል፡፡ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ካለ «ውጥረት ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ፈጥኖ መታየት ይገባል፡፡ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም ለነገ የሚባል አይደለም፡፡ በዚያው ዕለት ለቅርብ ሰው መንገርና ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው፡፡

እዚህ ላይ የሚይዘን አንድ ነገር አለ፤ ሐፍረት፡፡ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል፣ በእኛ ሰፈር ደግሞ ከቡራዩ አለፍ ብሎ ያለው የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ስማቸው ቢሮ ውስጥ ለቀልድ ይነሳል፡፡ «እከሌ አማኑኤል ሊገባ ነው» ብለን ስንስቅ፣ አጠገባችን የተቀመጠው እንቅልፍ ያጣ ሰው ችግሩን ለማንም እንዳይናገር እየነገርነው ነው፡፡ እኔም የቀለድኩበት ጊዜ ነበር፡፡

ቤቴ አሁንም ቡራዩ ነው፤ ሥራዬም ሰበታ፡፡ ሰልፉም አልጠፋም፡፡ የደም ግፊቴን በቀጠሮ እከታተላለሁ፤ ባለፈው የተለካው 130 በ85 ነበር፡፡ ሐኪሙ አሁንም እየመጣሁ እንድለካ አዝዞኛል፡፡ ያለፈው ሰኔ ሒሳብም ተዘግቷል፡፡ ያቺ ልጅ ሦስት ማዘዣ መልሳብኛለች፡፡ ሁለቱ ላይ ልክ እርሷ ነበረች፡፡

ቸር ይግጠመን!